እህቴ አትጠይቀኝ ካለችኝ፣ ድንበር ነው ወይስ ንቀት?

በመድረካችን ላይ ይህን የውይይት ክር የከፈተው አንድ ታላቅ ወንድም ነው። ጽሑፉ ረጅም ነው፤ እንደተናደደም ያስታውቃል። ታናሽ እህቱ ስለ ትዳሯ ከእሱ ጋር ማውራት ካቆመች ቆይታለች። ሲደዋወሉ ስለ ሥራ ያወራሉ፣ ስለ ጤና ይጠያየቃሉ፣ ይሳሳቃሉ። እሱ ወሬውን ወደ ባሏ ሲያዞረው ግን በዚህ ጉዳይ ማውራት እንደማትፈልግ ትነግረዋለች። ከደገመ ስልኩን እንደምትዘጋ ታሳውቀዋለች። ይደግማል። ትዘጋለች። ከሁሉ በላይ ያንገበገበው ቀጥሎ የሚመጣው ነው። በማግስቱ ጠዋት፣ ምንም እንዳልተፈጠረ፣ ራሷ ደውላ እንዴት አደርክ ትለዋለች።

ምክንያቷን ሲጠይቃት ይህ ድንበሯ እንደሆነ ነገረችው። ነገሩ አልተዋጠለትም። ድንበር የሚሉት ነገር ለንቀት የወጣለት የክት ስም ነው ባይ ነው። እጁን ይዞ ያሳደጋትን ወንድሟን እንደ ባዳ እንደቆጠረችው ይሰማዋል። የቅርብ ሰው መጠየቅ ከመቼ ወዲህ መዳፈር እንደሆነም አንባቢው እንዲነግረው ይፈልጋል።

መድረኩን ከሚያስተናግዱት ሰዎች አንዱ ስለሆንኩ ክሩን ከላይ እስከ ታች አንብቤዋለሁ። አዲስ ለሚመጣ ሰው መልሶቹን በተራቸው፣ በራሴ አነጋገር አስቀምጣቸዋለሁ። የራሴን ሐሳብ ጣል ማድረጌም አይቀርም።

መልስ 1። የመጀመሪያው መላሽ በዕድሜ ጠና ያሉ ሰው ይመስላሉ። ወንድምየውን ልጄ እያሉ፣ በእርጋታ ነው የጻፉት። እህትና ወንድም ከተደባበቁ ቤተሰብ የሚባለው ነገር ምን ይቀረዋል የሚል ስጋት አላቸው። ያም ሆኖ ስልክ የሚያዘጋ ጥያቄ መደጋገሙ እንደማይጠቅም ነግረው፣ ትንሽ እንዲታገሥ መክረውታል። ብዙ ሰው ወዶላቸዋል። ምክሩን ልብ ያለው ግን ያለ አይመስለኝም።

መልስ 2። የጻፈችው ራሷም ታላቅ እህት የሆነች ሴት ናት። ከዚህ በፊት በመካከላቸው ምን ተፈጥሮ እንደነበር ብቻ ጠየቀች። ሰው ከመሬት ተነስቶ ለወንድሙ አፉን አይዘጋም ብላ ታምናለች። ጥያቄዋ ለረጅም ጊዜ መልስ አላገኘም።

መልስ 3። እዚህ ላይ ጨዋነቱ አለቀ። ጸሐፊው ወንድምየው ባሏም አባቷም እንዳልሆነ አስታውሶት፣ የሰው ትዳር ውስጥ ምን ጥልቅ እንዳደረገው ጠየቀው። አንዲት ሌላ ቃልም ነበረች፤ እሷን አጥፍቻታለሁ።

መልስ 4። የቤተሰብ አማካሪ እንደሆነች የገለጸች ሴት ጻፈች። አንባቢ ከዚህ ክር አንድ መልስ ብቻ ይዞ ይሂድ ቢባል ይህን እመርጥለታለሁ። የጀመረችው ወንድምየው እንደ ክስ ካቀረባት ከዚያች የማግስት ስልክ ነው። እህትየው አኩርፋው ቢሆን ኖሮ በማግስቱ አትደውልም ነበር። ኩርፊያ ሰውየውን ሙሉ በሙሉ ይዘጋዋል። ለምን እንደተዘጋበትም አይነግረውም፤ እየገመተ እንዲብሰለሰል ይተወዋል። እህትየው የዘጋችው ግን አንድ ርዕስ ነው። የትኛው ርዕስ እንደሆነ ተናግራለች። ቢደግም ምን እንደምታደርግ አስቀድማ አሳውቃለች። ከዚያ ያለችውን ብቻ አደረገች፤ ሳትጮህ፣ ሳትሰድብ፣ ቂም ሳትይዝ።

አማካሪዋ ከዚህ ተነስታ አንድ መለያ ሰጠች። ድንበር ሌላው ሰው ምን ማድረግ እንዳለበት የሚደነገግበት ትእዛዝ አይደለም። እኔ ምን እንደማደርግ የማሳውቅበት ነው። እህትየው የወንድሟን አፍ ልትይዝ አትችልም። መጠየቅ ይችላል። እሷ ደግሞ ስልኩን መዝጋት ትችላለች። ስለዚህ ድንበሯ እንዲሠራ የእሱ መስማማት አያስፈልግም። ብዙ ሰው ድንበር አበጅቶ አልሠራልህ የሚለው፣ ሌላው ካልታዘዘ በቀር የማይሠራ ነገር ስለሚያበጅ እንደሆነ ጽፋለች። አትጩህብኝ ማለት ልመና ነው። ድምፅህ ከፍ ካለ ከክፍሉ ወጥቼ ከግማሽ ሰዓት በኋላ እመለሳለሁ ማለት ግን ድንበር ነው። ሁለተኛውን ለመፈጸም የራስ እግር ይበቃል።

በዚህ ምሳሌ ውስጥ እኔን የገረመችኝ ያቺ ግማሽ ሰዓት ናት። መመለሻው ሳይነገረው በር የተዘጋበት ሰው የሚያስበው ሌላ ነው፤ መቼ እንደሚመለሱለት ያወቀ ሰው የሚያስበው ሌላ ነው።

መልስ 5። ወንድምየው ተመለሰ፤ ንዴቱ አልበረደለትም። ለአማካሪዋ አንዲት ቃል ሳይመልስ ከ3ኛው ጸሐፊ ጋር ተያያዘ። እህቱን ያስተማራት እሱ እንደሆነ፣ ለትዳሯም ከማንም በላይ የሚቆረቆረው እሱ እንደሆነ ዘረዘረ። በመሃል አንዲት ዓረፍተ ነገር አመለጠችው። አንድ ጊዜ ለእናታቸው የተናገረው እንኳ ለእሷው ብሎ እንደነበር ጻፈ።

መልስ 6። የ2ኛው መልስ ጸሐፊ ዓረፍተ ነገሯን አላሳለፈቻትም። ለእናታቸው የነገራቸው ምን እንደነበር ጠየቀችው።

መልስ 7። ብዙ ቆይቶ መለሰ። እህቱ ከባሏ ጋር መኝታ እንደለዩ አጫውታው ነበር። ነገሩን ሁለቱ ብቻቸውን ለመፍታት እየሞከሩ እንደሆነም ነግራዋለች። ለማንም እንዳይናገር ለምናዋለች። እሱ በዚያው ምሽት ለእናታቸው ነገራቸው። እናትየው ውለው ሳያድሩ ለባልየው ደወሉለት። ከዚያ በኋላ የሆነውን አልጻፈም። የተጨነቀ ሰው እጁን አጣጥፎ መቀመጥ እንደማይችል፣ ሌላም ሰው በእሱ ቦታ ቢሆን ይህንኑ ያደርግ እንደነበር ግን ጻፈ።

ከዚህ በኋላ ክሩ ሌላ ክር ሆነ።

መልስ 8። የተግባቦት ትምህርት የሚያስተምር ሰው ነው። ሳንድራ ፔትሮኒዮ የተባለች አሜሪካዊት ምሁር ስለ ምስጢር ያቀረበችውን ሐሳብ አመጣ። ምስጢራችንን ለሰው ስንነግር ሰሚው የምስጢሩ ተጋሪ ባለቤት ይሆናል። ባለቤትነቱ ግን ደንብ አለው። ለማን ይነገራል? ምን ያህሉ ይነገራል? ማን ይወስናል? ችግሩ ይህ ደንብ ብዙ ጊዜ በአፍ አለመነገሩ ነው። አንዱ ምስጢር ነው ብሎ ያወራል፤ ሌላው የቤተሰብ ወሬ ነው ብሎ ይሰማል። ደንቡ ሲፈርስ የምስጢሩ ባለቤት ክበቡን ያጠብባል፤ ቀድሞ ይነግረው ለነበረው ሰው መንገሩን ያቆማል። እህትየው ያደረገችው ይህንኑ ነው። በእነሱ ጉዳይ ደግሞ ደንቡ በግልጽ ተነግሮ ስለነበር ወንድምየው አልገባኝም ሊል እንደማይችል መምህሩ በለዘብታ አስገንዝቦታል።

አንድ የሚሠራ ነገርም አክሏል። ሰው ከባድ ነገር ሊነግረን ሲጀምር፣ ገና ከመጀመሪያው ይህን ሌላ ማን እንደሚያውቅ፣ ሌላ ማን ቢያውቅ እንደማይከፋው መጠየቅ ይቻላል። ጥያቄዋ የሁለት ደቂቃ ናት፤ የስንት ዓመት ቅያሜ ታስቀራለች። የምስጢሩ ክብደት ከአቅማችን በላይ ከመሰለንም፣ ለብቻዬ ልይዘው አልችልም ማለት ያለብን ከመስማታችን በፊት ነው።

መልስ 9 እና 10። ሁለቱም ተራ ይዘው ወንድምየውን ወረዱበት። አዲስ ነገር አላመጡም።

መልስ 11። ከዱላው ያስጣለው ይህ መላሽ ነው። ራሱም የቤት ታላቅ ነው። ታላቅ ልጅ ገና በልጅነቱ ታናናሾቹን እንዲጠብቅ አደራ ይሰጠዋል፤ አደራው ያበቃበትን ቀን ግን ማንም አይነግረውም። ታናሽየዋ አድጋ፣ አግብታ፣ ወልዳም እሱ አሁንም እንደጠባቂ ይኖራል። ወንድምየው ያጠፋው ጥፋት ነው፤ ምንጩ ግን ክፋት አይደለም ብሎ ይከራከራል። ለእኔ ይህ የክሩ ደግ መልስ ነው።

ቀጥሎ የሳልቫዶር ሚኑቺንን ስም አነሳ። ሚኑቺን አርጀንቲና ተወልዶ አሜሪካ ውስጥ የሠራ የቤተሰብ ሕክምና ባለሙያ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1974 ባሳተመው ሥራው በቤተሰብ ውስጥ ስላሉ ድንበሮች ጽፏል። በአንዱ ጫፍ ድንበሩ እጅግ የላላበት ቤተሰብ አለ። እዚያ የአንዱ ጭንቀት ወዲያው የሁሉም ጭንቀት ይሆናል፤ ማን ምን እንደተሰማው መለየት ያስቸግራል። በሌላው ጫፍ ድንበሩ ድርቅ ያለበት አለ። እዚያ አንዱ ተጎድቶ ሌላው ወሬውን እንኳ ሳይሰማ ይከርማል። ጤናማው መሃል ላይ ነው፤ ድንበሩ ግልጽ ነው፣ ግን ያሳልፋል። የ11ኛው መልስ ጸሐፊ እንደሚለው የወንድምየው ቤት ወደ መጀመሪያው ጫፍ ያዘነብላል። ከእህትህ ጉዳይ ጨርሰህ ውጣ የሚሉት ደግሞ ወደ ሁለተኛው እየገፉት ነው። በዚህ በግማሹ እስማማለሁ። 3ኛው ጸሐፊ ክፉ አፍ አለው እንጂ ከእህቱ ሕይወት ሳይሆን ከትዳሯ ነው ውጣ ያለው።

መልስ 12። ከክሩ ሁሉ ንዴቱ የበረታው ይህ ነው፤ የጻፈችውም ባለ ቁስል ናት። የቀድሞ እጮኛዋ ድንበር የሚለውን ቃል አፉ ላይ አንጠልጥሎ ይዞር ነበር። ከሥራ በኋላ ከወንድ ባልደረቦቿ ጋር አለመገናኘቷ የእሱ ድንበር ነው። የስልኳን የይለፍ ቁጥር መስጠቷ የእሱ ድንበር ነው። የት እንዳለች በየሰዓቱ ማሳወቋም እንዲሁ። እምቢ ስትል ድንበሬን ጣስሽ ብሎ ይወቅሳታል፤ እሷም ይቅርታ ትጠይቃለች። ቃሉን እሷም እጮኛዋም የተማሩት ከአንድ ቪዲዮ ነበር። የአማካሪዋ ትንታኔ ያኔ ምን ይፈይድላት እንደነበር ጠየቀች። ጥያቄው እውነተኛ ጥያቄ አልነበረም፤ ምሬት ነው።

መልስ 13። ከአጻጻፉ ወጣት የሚመስል አንድ ሰው ግን እንደ እውነተኛ ጥያቄ መለሰላት። ደንቡ ሲከበር የማን ውሎ እንደሚቀየር ማየት ነው አላት። የእህትየው ድንበር የሚቀይረው የራሷን እጅ ነው፤ ስልክ ትዘጋለች። የእጮኛዋ ግን የሚቀይረው የእሷን ጓደኛ፣ የእሷን ስልክ፣ የእሷን ሰዓት ነው። እሱ ከወንበሩ እንኳ አይነሳም። ሰውየው ከባልደረቦቿ ጋር ከምትውል ሴት ጋር መኖር ካልቻለ፣ አልቻልኩም ብሎ የመሄድ ሙሉ መብት ነበረው። ያ ድንበር ይሆን ነበር። እሱ ግን አልሄደም፤ እሷን አሰረ። ትእዛዝ በድንበር ስም ሲመጣ የሚለየው በዚህ ነው።

12ኛዋ ጸሐፊ ለዚህ በቃል አልመለሰችም። ከ13ኛው መልስ ሥር ግን ልብ አስቀምጣለች።

መልስ 14። ተከራካሪ ነው፤ በሌሎች ክሮችም አውቀዋለሁ። ይህን ካደረግክ እኔ እንዲህ አደርጋለሁ የሚለው አነጋገር ፊቱ የታጠበ ማስፈራሪያ እንጂ ሌላ አይደለም ይላል። በዚህ ሂሳብ ካልታዘዝሽኝ እፈታሻለሁ የሚል ባልም ድንበር አበጀ ሊባል ነው።

መልስ 15። አማካሪዋ ተመለሰች። ክርክሩ ቁም ነገር እንዳለው ሳትደብቅ ተቀበለች፤ ቃሉ ለሁለቱም አንድ ሊሆን ይችላል። እሷ የምታየው ሁለት ነገር ነው። አንደኛው፣ ነገሩ የተነገረው ሊፈጸም ነው ወይስ ሊያስፈራ? እሄዳለሁ እሄዳለሁ እያለ ዓመት የሚከርም ሰው ድንበር የለውም፤ ዱላ ነው የያዘው። ሁለተኛው ልኩ ነው። ለአንድ ያልተፈለገ ጥያቄ የዛሬን ስልክ መዝጋት ተመጣጣኝ ነው። ለዚያው ጥያቄ ወንድምን እስከ ወዲያኛው መቁረጥ ቅጣት ነው። ንዴት ላይ ሆኖ የታወጀ ድንበር ብዙ ጊዜ ልኩን ስለሚስት፣ ነገሩን ሰላም በሆነ ቀን መናገር እንደሚሻል ጨምራለች። ሰው ሲናደድ ሊፈጽመው የማይችለውን ያውጃል። ሳይፈጽመው ሲቀር ደግሞ ቀጥሎ የሚናገረውን የሚሰማው ያጣል።

መልስ 16። ከዚህ ጀምሮ ወሬው ወደ ሥራ ቦታ ሄደ። አንድ ወጣት ሠራተኛ አለቃው ማታ ማታ መልእክት እንደሚልክበት ጻፈ። አንድ ምሽት ተኝቶ ሳለ ስልኩ ጮኸ። አለቃው አንድ የፋይል ስም ነበር የጠየቀው። ወጣቱ ከብርድ ልብሱ ሳይወጣ በሁለት ቃል መለሰ። በሳምንቱ ፋይሉን እንዲልክ ታዘዘ። ከዚያ እንዲያርመው። አሁን እራት ላይም ስልኩን ከሳህኑ አጠገብ ነው የሚያስቀምጠው። ፈረንሳይ እ.ኤ.አ. ከ2017 መጀመሪያ ጀምሮ 50 እና ከዚያ በላይ ሠራተኛ ያላቸው ድርጅቶች ከሥራ ሰዓት ውጭ ስላለው ግንኙነት ከሠራተኛው ጋር እንዲደራደሩ የሚያስገድድ ሕግ እንዳላት አንብቦ ቀንቷል።

መልስ 17። ፋይሏ ከስም ተነስታ እርማት ድረስ የደረሰችበት መንገድ አዲስ እንዳልሆነ የሚያስረዳ ነው። ጆናታን ፍሪድማን እና ስኮት ፍሬዘር የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1966 ያሳተሙትን ሙከራ ተረከ። በካሊፎርኒያ የሰዎችን ቤት እያንኳኩ በጥንቃቄ አሽከርክሩ የሚል ግዙፍና አስቀያሚ ማስታወቂያ ግቢያቸው ፊት እንዲተከል ጠየቁ። በቀጥታ ከተጠየቁት እሺ ያሉት ከመቶ 17 ያህሉ ነበሩ። ሌሎቹ ከሁለት ሳምንት በፊት ስለዚሁ ስለ ጥንቃቄ የምትናገር አንዲት ትንሽ ምልክት እንዲለጥፉ ተጠይቀው የተስማሙ ናቸው። ከእነሱ ግዙፉን የፈቀዱት ከመቶ 76 ነበሩ። ትንሿ እሺታ ሰውየውን ራሱን ለራሱ እሺ ባይ አድርጋ ታሳየዋለች። ስለዚህ ይሉኝታ የሚይዘው ሰው መጠንቀቅ ያለበት ከትልቁ ጥያቄ ይልቅ ከትንሿ ነው። ትልቁንማ ማንም እምቢ ይላል።

መልስ 18። ሁለቱንም በቁጣ ያቋረጠች ሴት ናት። ሥራውን ቢያጣ ሌላ የሚያገኝ ሰው ብቻ ነው እንዲህ የሚያወራው አለች። ልክ ናት። ስለ ድንበር የሚጻፉ ምክሮች አብዛኞቹ እምቢ ማለት የሚያስከፍለውን ዋጋ ይዘሏቸዋል። እሷ ግን በቁጣዋ አላቆመችም፤ የምትጠቀምበትን ዘዴም ጻፈች። አለቃዋን ማታ አትላኩልኝ ብላ አታውቅም። የምትመልሰው ግን ሁልጊዜ ጠዋት ሥራ እንደገባች ነው፤ ፈጥና፣ በደንብ፣ አንድ ጊዜም ሳታስታጉል። አስቸኳይ ለሆነ ነገር ስልክ እንዲደወልላት ተናግራለች። ለመደወል ደግሞ አለቃዋም ሁለት ጊዜ ያስባል። ከጊዜ በኋላ የማታው መልእክት ራሱ እየቀነሰ ሄደ። አዋጅ የሌለበት ድንበር እንዲህ ነው።

መልስ 19 እና 20። አንዱ ወሬውን ወደ አካል ርቀት ወሰደው። ኤድዋርድ ሆል የተባለ አንትሮፖሎጂስት እ.ኤ.አ. በ1966 የጻፈውን ጠቅሶ፣ እስከ 45 ሳንቲ ሜትር ያለው ርቀት የቅርብ ሰው፣ ከዚያ እስከ 1 ሜትር ከ20 ድረስ ያለው የግል ክልል እንደሆነ ለዓለም ሕዝብ ሁሉ ደነገገ። ሌላው ወዲያው አፈጠጠበት። ሆል ራሱ ቁጥሮቹን ያገኘው በአብዛኛው ከሰሜን ምሥራቅ አሜሪካ ሰዎች እንደሆነ፣ ለሌላው ሕዝብ እንዳይወሰድ ማስጠንቀቁን ነገረው። እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመና በ42 አገሮች ወደ 9 ሺህ የሚጠጉ ሰዎች የተጠየቁበት ጥናትም የሚመቸው ርቀት ከአገር አገር በጣም እንደሚለያይ አሳይቷል። እርማቱ ትክክል ነው። ሰውን ማይም ማለቱ ግን አያስፈልግም ነበር።

መልስ 21። ከዚህ ሁሉ ሽሽት ወደ ጉዳዩ የመለሰችን አንዲት ሴት ናት። በየምሽቱ እየደወለች ለአንድ ሰዓት ተኩል የሆዷን የምትዘረግፍላት ጓደኛ አለቻት። ጓደኛዋን ትወዳታለች፤ ስልኩ ሲጮህ ግን ሆዷ ይታወካል። አንድ ቀን ከ20 ደቂቃ በላይ እንደማትችል ነገረቻት። ከዚያ ነገሩ ይሻላል ስትል ባሰ። ስልኩ እጥፍ ሆነ። መልእክቱ ረዘመ። ተቀየርሽብኝ የሚል ወቀሳ መጣ። አንድ ምሽት በለቅሶዋ ተረታችና ሁለት ሰዓት ሰማቻት። አሁን ድንበሩ ራሱ ስህተት እንደነበር እየተሰማት ነው።

መልስ 22። ይህን በጥሞና እንድታነቡት እፈልጋለሁ። ጸሐፊው የባህርይ ሥነ ልቦናን የተማረ ነው፤ እንዲህ ብሎ አስረዳ። ዋጋ ሲያገኝ የኖረ ባህርይ ዋጋው ድንገት ሲቋረጥበት ወዲያው አይጠፋም። አንዳንዴ መጀመሪያ ይጋላል፤ ይበዛል፣ ይበረታል፣ አዲስ መልክ ይሞክራል። ከዚያ ነው የሚበርደው። የስልኩ እጥፍ መሆን ድንበሩ እንዳልሠራ ሳይሆን መሥራት እንደጀመረ የሚያሳይ ሊሆን ይችላል። ብዙ ሰው የሚሸነፈው እዚያ ግለት ላይ ደርሶ ነው። አንዴ አጥብቆ፣ አንዴ ላልቶ መኖር ደግሞ ከሁሉ የከፋ ነው። ስኪነር የተባለው አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ተመራማሪ ስለ ሽልማት ካደረጋቸው ጥናቶች እንደምንረዳው አልፎ አልፎ ብቻ የሚገኝ ሽልማት ባህርይን ከዘወትር ሽልማት ይልቅ ያጠነክረዋል። ቁማርተኛን ከማሽኑ ፊት የሚያቆየው ይኸው ነው። ያቺ የሁለት ሰዓት ምሽት ለጓደኛዋ የነገረቻት፣ በቂ ካለቀሰች በሩ እንደሚከፈት ነው። ምክሩ ቀላል ነው። 20 ደቂቃውን ከልብ መስጠት፣ 21ኛው ላይ በፍቅር መሰናበት፣ በሚቀጥለው ቀን በሰዓቱ ማንሳት። ስንት ሳምንት ሊፈጅ እንደሚችል አልተናገረም፤ ባለመናገሩ አመንኩት።

አንድ ነገር ግን የቀረው ይመስለኛል። ጓደኛዋ እውነተኛ ችግር ላይ ከሆነች፣ ሕይወቷን ስለማጥፋት የምታወራ ከሆነ፣ ይህ የደቂቃ ሂሳብ አይሠራም። ያኔ ባለሙያ ጋ ይዟት መሄድ ነው።

መልስ 23። ወንድምየው እንደገና ብቅ አለ። በዚህ ጊዜ ድምፁ ዝቅ ብሏል። ጥፋቱን ተቀብሏል ማለት አይደለም፤ ስለ እህቱ አንድም ቃል አልጻፈም። የጻፈው ስለ እናቱ ነው። እናቱ ከእህቱ ወሬ ማግኘት ሲያቅታቸው በየቀኑ እሱን መጠየቅ ጀምረዋል። ባሏ እንዴት ነው፣ ታርቀዋል ወይ፣ ምን አለችህ። አላውቅም ቢላቸው አያምኑትም። እናቱን ሳያስቀይም ምን ሊላቸው እንደሚችል ጠየቀ።

መልስ 24። ያቺ የ2ኛው መልስ ባለቤት ቀደመች። ልትወቅሰው ትችል ነበር፤ አልወቀሰችውም። ለእናት የሚሆን አነጋገር ሰጠችው። የእሷን ነገር ከእሷው ከራሷ ይስሙ፣ እኔ በመሃል ሆኜ ሳመላልስ ነገር አበላሻለሁ እንዲላቸው፣ ወዲያውም ስለ እናቱ ስለ ራሳቸው ጤና እንዲጠይቃቸው። ቢደግሙ ይህንኑ ቃል በቃል እንዲደግም፤ አዲስ ምክንያት እንዳይጨምር። ምክንያት በተጨመረ ቁጥር ለመከራከሪያ የሚሆን ነገር ይጨመራል። እናት ምናልባት ይከፋቸዋል። ኀዘኑን ማጽናናት እንጂ መሰረዝ የእሱ ሥራ እንዳልሆነም ነገረችው። ወንድምየው እንደሚሞክረው ጽፎ አመስግኗታል። ከሞከረ በኋላ ምን እንደሆነ እስካሁን አልነገረንም።

መልስ 25 እስከ 28። ስለ ዋትሳፕ ሰማያዊ ምልክት ነው። መልእክቱን አይቶ አለመመለስ ንቀት ነው ወይስ መብት በሚለው ላይ አራት ሰዎች ተፋጁ። ዋትሳፕ ምልክቱን ያመጣው እ.ኤ.አ. በ2014 ነው፤ ብዙም ሳይቆይ ማጥፊያውን አስከተለ። ከአራቱ አንዱ በቡድን ውይይት ላይ ግን ማጥፋት እንደማይቻል አስታውሷል። ከአራቱ መልሶች የሚጠቅመው ይህ ብቻ ነው።

መልስ 29። ዘግይቶ የመጣ ነው። በትዳር ውስጥ ጥቃት ከደረሰባቸው ሴቶች ጋር የምትሠራ ሴት ጻፈችው። አማካሪዋንም፣ 13ኛውንም፣ ሁላችንንም አረመችን። እስካሁን የተባለው ሁሉ የሚሠራው እምቢ ሲባል ቢያኮርፍ፣ ቢያለቅስ፣ ቢወቅስ እንጂ እጁን ለማያነሳ ሰው ነው። ከሚደበድብ ወይም ከሚዝት ሰው ጋር ለብቻ ተቀምጦ ይህን ካደረግክ እሄዳለሁ ማለት ለአደጋ መጋለጥ ነው። አደጋው ከሚበረታባቸው ጊዜያት አንዱ ሴትየዋ ለመለየት የምትነሳበት ጊዜ ነው። እዚያ መጀመሪያ የሚያስፈልገው ንግግር ሳይሆን ዝግጅት ነው። የሚታመን ሰው ማሳወቅ፣ አስፈላጊ ወረቀቶችን ሌላ ቦታ ማስቀመጥ፣ ስልኩ ያለችበትን ቦታ ለሌላ ሰው እያሳየ እንደሆነ ማረጋገጥ፣ ባለሙያ ማማከር። 12ኛዋን ጸሐፊም በደህና መውጣት አለመውጣቷን ጠይቃታለች።

12ኛዋ ጸሐፊ ወጥታለች፤ በአንዲት ቃል መለሰች። 29ኛውን መልስ ከክሩ አናት ላይ፣ ከ4ኛው በላይ ሰክቼዋለሁ። አማካሪዋም ወደ ራሷ መልስ ተመልሳ፣ ድምፁ ከፍ ሲል ከክፍሉ መውጣትን ከምትመክርበት ቦታ አጠገብ ይህንኑ ማስጠንቀቂያ ጨምራለች።